አንድ ሕፃን ሲሞት ማን ይጠይቃል? የጽንስና የሕፃናትን ሞት አንድ በአንድ ስለመመርመር

ንጋት (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ሥራዬ ማኅበራዊ አገልግሎት ነው። ማኅፀን ውስጥ እያሉ የሞቱ ጽንሶችንና ዓመት ሳይሞላቸው ያረፉ ሕፃናትን ታሪክ አንድ በአንድ የሚመረምር ቡድን ልናቋቁም ነውና ቤተሰቦችን የማነጋገሩ ድርሻ የእኔ ሆኗል። ከመጀመራችን በፊት ያነበብኩትንና ከባለሙያዎች የሰማሁትን እዚህ ላስቀምጥ። በሙያው ያላችሁ አርሙኝ፤ ልጅ ያጣችሁ ደግሞ ምን መጠየቅ እንዳለብኝ ንገሩኝ።

በቅድሚያ ስለ ማን እንደምንነጋገር። የዓለም ጤና ድርጅት አገሮችን ለማወዳደር «ሞቶ መወለድ» የሚለው 28 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ጽንስ የሕይወት ምልክት ሳያሳይ ሲወለድ ነው። አገሮች ግን የየራሳቸው መነሻ አላቸው፤ ብሪታንያ ከ24 ሳምንት፣ አሜሪካ በአብዛኛው ከ20 ሳምንት ጀምረው ይቆጥራሉ። በሕይወት ተወልዶ 28 ቀን ሳይሞላው የሚሞተው በጨቅላነቱ ሞተ ይባላል። ከዚያ እስከ አንድ ዓመት ያለው ለብቻው ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ 2.3 ሚሊዮን ያህል ጨቅላዎች ሞተዋል። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2021፣ ሞተው የተወለዱት ደግሞ 1.9 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ከእነዚህ መካከል ከአርባ በመቶ በላይ የሚሆኑት ምጥ ሲጀምር በሕይወት ነበሩ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄኛው ቁጥር ነው። ምጥ ሲጀምር በሕይወት የነበረ ልጅ፣ የልብ ምቱን የሚያዳምጥለትና ሲያስፈልግ በጊዜ በቀዶ ጥገና የሚያወጣው ሰው ቢያገኝ ኖሮ ብዙውን ጊዜ ይተርፍ ነበር።

መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ግን አንድ ቃል ነው፤ «መታፈን»። እናቲቱ ከቤት የወጣችው ስንት ሰዓት ላይ ነው? እስከዚያ ለምን ቆየች? መጓጓዣ ማን ፈለገላት? ደርሳስ ማን ተቀበላት? ይህ ሁሉ መዝገቡ ላይ የለም። የሚያውቁት እናቲቱና አጠገቧ የነበሩት ናቸው። ታዴየስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ እናቶች ሞት ሲጽፉ መዘግየቶቹን በሦስት ከፍለዋቸው ነበር፦ እርዳታ ለመፈለግ እስኪወሰን፣ ተቋሙ ጋ እስኪደረስ፣ ተደርሶም ተገቢው ሕክምና እስኪገኝ። ለሕፃናቱም ይኸው ይሠራል።

የምንከተለው አሠራር አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 የጽንስና የማኅፀን ሐኪሞች ኮሌጅና የፌዴራሉ የእናቶችና ሕፃናት ጤና ቢሮ በጋራ የጀመሩት ነው። ሁለት ቡድን አለው። የመጀመሪያው ከሕክምና ካርዱና ከእናቲቱ ቃል የተጠናቀረውን ታሪክ፣ ስም ሁሉ ተሰርዞለት፣ ቁጭ ብሎ ያነባል፤ ሐኪም፣ አዋላጅ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ሌሎችም አሉበት። ሁለተኛው ከዚያ የወጣውን ምክር ተቀብሎ ሥራ ላይ የሚያውለው ነው፤ በጀት የሚመድብ፣ መንገድ የሚያስጠርግ፣ የሥራ ሰዓት የሚቀይር ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ይሰበሰቡበታል። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው ሐዘን ሰብስቦ መሳቢያ ውስጥ የሚቆልፍ ኮሚቴ ሆኖ ይቀራል ብዬ አምናለሁ።

አዋላጇ

እህት ንጋት፣ ጥሩ ጀምረሻል። ከምጥ ክፍል የማየውን ልጨምር።

«ሞቶ ተወለደ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይነግርሽም። የልጁን ቆዳ ማን አየ ብለሽ ጠይቂ። ቆዳው ሙሉ ከሆነ ሞቱ የቅርብ ነው፣ ምናልባትም ምጥ ላይ የደረሰ። መላላጥ ከጀመረ ግን ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ቀን በላይ ማኅፀን ውስጥ ሞቶ ቆይቷል። የመጀመሪያው ወደ ምጥ ክትትላችን ያመለክታል፤ ሁለተኛው ወደ እርግዝናው። ከቆዳውም በላይ የምተማመነው ግን «እናቲቱ ስትገባ የልብ ምቱ ተሰምቶ ነበር ወይ?» የሚለውን ነው። ተሰምቶ ከነበረና ልጁ ሞቶ ከወጣ፣ ጥያቄው ሙሉ በሙሉ ለእኛ ነው። ካርዱ ላይ ይህ መስመር ባዶ ከሆነም ባዶነቱን እንደ አንድ ግኝት ያዢው።

ሌላው፣ ሞቱ የተባሉት ሁሉ ሞተው አልተወለዱም። ዝልፍልፍ ብሎ፣ ሳያለቅስ የወጣ ልጅ አለ። ማድረቅ፣ ማሞቅ፣ ጀርባውን ማሸት፤ ካልተነፈሰ በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ፣ ማለትም አፍና አፍንጫው ላይ ተደፍቶ በእጅ በሚጨመቅ የአየር ከረጢት፣ አየር መስጠት ነው። ታንዛኒያ ውስጥ አዋላጆች ይህንኑ ከሠለጠኑ በኋላ ምን እንደተለወጠ የሚያሳይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ወጥቶ ነበር። በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱት በ47 በመቶ ቀነሱ። ቆዳቸው ሳይላላጥ «ሞተው ተወለዱ» የተባሉት ደግሞ በ24 በመቶ ቀነሱ። የትንፋሽ ሥልጠና የሞተ ልጅ አያስነሳም። ስለዚህ ቀድሞ ከተመዘገቡት አንዳንዶቹ በሕይወት ነበሩ፤ ያጡት አየር የሚሰጣቸው ሰው ነው። ለእኛ ለአዋላጆች ይህን ማንበብ ከባድ ነው፤ ግን ማንበብ አለብን።

እናትነት

ንጋት፣ «ልጅ ያጣችሁ ንገሩኝ» ስላልሽ ነው የምጽፈው።

ስምንተኛ ወሬ ላይ እንቅስቃሴው ቀነሰብኝ። እንደወትሮው አይደለም ብዬ ሄድኩ። «ሲገፋ ቦታ ስለሚጠበው ነው፣ ነገ ተመለሺ» ተባልኩ። የልብ ምቱን ያዳመጠልኝ የለም። በማግስቱ ተመለስኩ፤ የልብ ምት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው አጽናናኝ። «ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ» አሉኝ። የጠየቀኝ ግን የለም። መቼ እንደቀነሰ፣ ለማን እንደተናገርኩ፣ ምን እንደተባልኩ፣ አንድም ሰው ቁጭ ብሎ አልሰማኝም። ካርዴ ላይ የመጀመሪያው ቀን መምጣቴ እንኳ ሳይጻፍ ቀርቷል። ስለዚህ በወረቀቱ መሠረት አልመጣሁም ማለት ነው።

ቤተሰብ ስታነጋግሪ መጀመሪያ «ልጁን ምን ልትሉት ነበር?» በያቸው። የተወለደ ሁሉ ልጅ ነው። ቀጥሎ «ከዚያ ቀን በፊት አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ተሰምቶሽ ነበር? ለማን ነገርሽ?» ብለሽ ጠይቂ። «ለምን ዘገየሽ?» ግን አትበይ።

የሌሊት_ሐኪም

እህቴ፣ ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው። የተባልሽው ነገር ስሕተት ስለሆነ በግልጽ ልናገር። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የልጅ እንቅስቃሴ ዓይነቱ ይቀየር ይሆናል እንጂ መቀነስ የለበትም። ቀነሰ ያለች እናት በዚያው ቀን የልጇ ልብ ምት ሊዳመጥላት ይገባል፤ «ነገ» የሚባል መልስ የለውም።

ይሁንና ለንጋትም ለሌሎችም አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ቡድኖች እዚህ ላይ ቶሎ ወደ ቀላሉ መፍትሔ ይሮጣሉ። «እናቶች እንቅስቃሴ እንዲቆጥሩ እናስተምር» ይባላል። ብሪታንያና አየርላንድ ውስጥ ከ400 ሺህ በላይ እርግዝናዎችን ያካተተ ጥናት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። እናቶችን ስለ እንቅስቃሴ ማስገንዘብና ለሆስፒታሎች ወጥ አሠራር መስጠት ሞቶ መወለድን በግልጽ አልቀነሰም፤ በመድኃኒት የሚጀመር ምጥና ቀዶ ጥገና ግን ጨምሯል። ይህ እናቲቱን አትስሟት ማለት አይደለም። ትምህርቱን ሁሉ እናቲቱ ላይ ጭኖ እኛ ጋ ያለውን ሳይነኩ መተው ግን አያዋጣም።

ያለ ብዙ ወጪ ሊደረግ የሚችል ብዙ ነገር አለ። በመጀመሪያው ክትትል የቂጥኝ ምርመራ፣ ከተገኘም የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ። በእያንዳንዱ ቀጠሮ የደም ግፊት መለካት። የስኳር ምርመራ። ከ28 ሳምንት በኋላ በጀርባ ሳይሆን በጎን መተኛት። ቀኗ ያለፈ እናት 41 ሳምንት ሲሞላት ምጥ እንዲጀመርላት ማድረግ። ከመፀነስ በፊት ጀምሮ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ፤ የልጁ ሕብለ ሰረሰር የሚዘጋው ከተፀነሰ በአራት ሳምንት ገደማ ስለሆነ እናቲቱ ማርገዟን ስታውቅ ጊዜው አልፎ ሊሆን ይችላል።

ሞቶ ከተወለደ በኋላ ደግሞ የእንግዴ ልጁን አትጣሉ። ምክንያቱን ለማግኘት ከሚረዱን ምርመራዎች ሁሉ ዋናው እሱ ነው፤ የላብራቶሪ አቅም ባይኖር እንኳ ተመዝኖ፣ ታይቶ፣ የታየው ይጻፍ። «ምክንያቱ አልታወቀም» ከሚባሉት ብዙዎቹ ያልተፈለጉ ናቸው።

ቁጥር_አንባቢ

ሰላም ንጋት። አንድ ለአንድ መስማቱን እደግፋለሁ፣ ግን ከየት መጀመር እንዳለብሽ ቁጥሩ ሊጠቁምሽ ይችላል። አንድ ቀላል መንገድ አለ፤ የሞቱትን በክብደትና በሞቱበት ጊዜ ከፋፍይ።

ከ1,500 ግራም በታች የሆኑትን፣ ሞተው የተወለዱም ይሁኑ ከተወለዱ በኋላ የሞቱ፣ አንድ ላይ አድርጊያቸው። እዚያ ከበዙ ጥያቄው ስለ እናቲቱ ጤና ነው፤ ከማርገዟም በፊት ያለውን ጨምሮ፣ ያለጊዜው ለምን ወለደች የሚለው። 1,500 ግራምና ከዚያ በላይ ሆነው ማኅፀን ውስጥ የሞቱት ከበዙ የእርግዝናና የምጥ ክትትሉን ተመልከቺ። በዚያው ክብደት ተወልደው በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት ወደ ጨቅላ ሕክምናው ይመሩሻል። ከ28 ቀን እስከ ዓመት ያሉት ደግሞ ወደ ቤት፦ ወደ አተኛኘት፣ ኢንፌክሽን፣ ክትባት፣ አደጋ።

ሁሉንም ደምረሽ አንድ የሞት መጠን ብቻ ካወጣሽ አራቱ ተቀላቅለው ምንም አይታይሽም። አንድ ማስጠንቀቂያም ልስጥ። ማኅበረሰቡ ትንሽ ከሆነ የአንድ ዓመት ቁጥር በአጋጣሚ ብቻ በእጥፍ ሊወጣና ሊወርድ ይችላል። «ዘንድሮ ቀነስን» ብላችሁ አትቸኩሉ፤ የበርካታ ዓመት ድምር ይዛችሁ ተመልከቱ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሞቶ የተወለደው ልጅ ከተመዘነ ነው። ብዙ ቦታ አይመዘንም።

የመዝገብ_ክፍል

ቅር አይበላችሁና እኔ እፈራለሁ። ይህ ኮሚቴ ሲቋቋም የመጀመሪያው ጥያቄ «ተረኛው ማን ነበር?» ይሆናል። ከዚያ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ደመወዝ ይቆረጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ሠራተኛው ምን እንደሚያደርግ ላስረዳችሁ፤ ሕፃኑ ጥቂት ተንፍሶ ቢሞትም «ሞቶ ተወለደ» ብሎ ይጽፋል። ካርድ ይጠፋል። የልብ ምት ያልተለካበት ሰዓት በኋላ ተሞልቶ ይገኛል። አይቻለሁ።

አዋላጇ

የመዝገብ ክፍል ወንድሜ ያሉት እውነት ነው። ፍርሃት ያለበት ክፍል ውስጥ ወረቀቱ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው።

ንጋት

አመሰግናለሁ፣ ይህ እኔንም ያሳሰበኝ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ላይ ደጋግሞ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ምርመራው ለመማር እንጂ ለመቅጣት አይሁን። እኛ ያሰብነው እንዲህ ነው። ታሪኩ ቡድኑ ፊት ሲቀርብ የእናት ስም፣ የሐኪም ስም፣ የተቋም ስም አይኖረውም። አባላቱ ምስጢር ለመጠበቅ ይፈርማሉ። ከስብሰባው የሚወጣው ወረቀት የግለሰብ ጥፋት አይጽፍም። ወንጀል የሚመስል ነገር ካለ ለእሱ ሕግ አለ፤ ከዚህ ጠረጴዛ ጋር አይደባለቅም።

ስም ከተሰረዘ በኋላ የጥያቄውም መልክ ይቀየራል። «ተረኛዋ ለምን አላዳመጠችም?» የሚለው «በዚያ ሌሊት አንዲት አዋላጅ ስንት ምጥ ላይ ያሉ እናቶችን ይዛ ነበር? የልብ ማዳመጫውስ ይሠራ ነበር?» ወደሚል ይለወጣል። የእናትነትንም ታሪክ ሳነብ ያሰብኩት ይህንን ነው፤ «ነገ ተመለሺ» ያለው ሰው ተቀጥቶ ቢሄድ በቦታው የሚተካው ሰውም ያንኑ ይላል፣ እንቅስቃሴ ቀነሰ ያለችን እናት ወዴት እንደሚልክ የተጻፈ ነገር ከሌለው።

ጠያቂ_አባት

ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ቀኗ እየደረሰ ነው። ይህን ክር አብረን እያነበብን ነው። ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ተኝቶ ስለሚሞት ሕፃን የሰማሁት ነገር ያስፈራኛል። በጀርባው ቢያስመልስና ቢታነቅስ?

የሌሊት_ሐኪም

እንኳን ጠየቁ። ጤነኛ ሕፃን በጀርባው ሲተኛ ወደ ላይ ቢመለስበት እንኳ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ስለሚሆን ቢመለስ ይውጠዋል ወይም ያስለዋል። በሆዱ ሲተኛ ነው አደጋው። አሜሪካ ውስጥ ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ድንገተኛው የሕፃናት ሞት በግማሽ ያህል ወርዷል። ብዙ ሕይወት የተረፈው ያለ ምንም መድኃኒት ነው።

ለእንቅልፍ ሁልጊዜ በጀርባው፤ ጠንካራና ደልዳላ ፍራሽ ላይ፤ ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና መጫወቻ አጠገቡ አይሁን። ከእናንተ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ይተኛ፣ በራሱ አልጋ ላይ። ሶፋ ላይ አቅፋችሁት እንዳታሸልቡ፣ ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ቤት ውስጥ ማንም አያጭስ። ጡት ማጥባትም ይከላከላል።

በተረፈ እነዚህን ምልክቶች በቃልዎ ይያዟቸው፦ መጥባት ማቆም ወይም መድከም፣ ፈጣን ትንፋሽ ወይም ደረት ወደ ውስጥ መሰርጎድ፣ ትኩሳት ወይም ሰውነት መቀዝቀዝ፣ መንቀጥቀጥ፣ ካልነኩት በቀር አለመንቀሳቀስ፣ እስከ መዳፍና እግር የደረሰ ብጫነት። አንዱን ካዩ ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ። የጨቅላ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ከሚሞቱት ጨቅላዎች አብዛኞቹ የሚሞቱት በመጀመሪያው ሳምንት ስለሆነ፣ ከወለዳችሁበት ከወጣችሁ በኋላ ያሉት ቀናት ላይ አትዘናጉ።

ሴቶች_በአንድነት

እኔ የሴቶችን ቡድን አስተባብራለሁ። እስካሁን ያነበብኩት ሁሉ ስለ ተቋም ነው፤ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚሠራው የት አለ?

ኔፓል ማክዋንፑር በሚባል ወረዳ ውስጥ አንዲት ሰብሳቢ በየወሩ ሴቶችን እያገናኘች ስለ እርግዝናና ጨቅላ ችግሮቻቸው እንዲነጋገሩና መላ እንዲመቱ አደረገች። ሰብሳቢዋ የጤና ባለሙያ አልነበረችም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲታተም የጨቅላዎች ሞት ቡድኑ ካልነበረበት አካባቢ በ30 በመቶ ያህል አንሶ ተገኘ። በኋላ በኔፓል፣ በሕንድ፣ በባንግላዴሽና በማላዊ የተደረጉ ሰባት ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ከነፍሰ ጡሮቹ ቢያንስ ሠላሳ በመቶው በተሳተፉበት ቦታ የጨቅላ ሞት በሲሶ ቀንሷል። ጥቂት ሴቶች ብቻ በመጡበት ግን ይህን ያህል ለውጥ አልታየም። ለአስተባባሪ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ የማይመጡት እነማን ናቸው? ብዙውን ጊዜ ድሆቹ፣ ታዳጊዎቹና ያላገቡት ናቸው፤ ልጆቻቸው የሚሞቱባቸውም እነሱ ናቸው።

ሕንድ ጋድቺሮሊ ውስጥ ደግሞ አብሃይና ራኒ ባንግ የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች የመንደር ሴቶችን አሠልጥነው ጨቅላዎችን ቤት ለቤት አስጎበኙ፤ ኢንፌክሽን ሲያዩም አንቲባዮቲክ እንዲሰጡ አደረጉ። በሦስተኛው ዓመት የጨቅላ ሞት በ62 በመቶ ቀነሰ።

አዋላጇ

ክብደቱ ያነሰ ልጅ ላላችሁም አንድ ነገር። የካንጋሮ እንክብካቤ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ቦጎታ ውስጥ፣ ማሞቂያ ባነሰበት ሆስፒታል ነው። ልጁ ራቁቱን የእናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ። ቀድሞ «ልጁ ይረጋጋ፣ ከዚያ» እንል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ጋና፣ ሕንድ፣ ማላዊ፣ ናይጄሪያና ታንዛኒያ ውስጥ የተደረገው ጥናት ሳይረጋጉ፣ ወዲያው እንደተወለዱ መጀመሩ ሞትን በሩብ እንደሚቀንስ አሳየ። እናት ካልቻለች አባት ይችላል። ንጋት፣ ሞተው ስለተገኙ ትንንሽ ሕፃናት ስትጠይቂ ከእናታቸው የተለዩት ለስንት ሰዓት እንደነበር ጠይቂ።

እናትነት

የመዝገብ ክፍል ወንድሜ፣ «ነገ ተመለሺ» ያለኝን ሰው እንዲቀጡልኝ አልፈልግም። የምፈልገው የመጀመሪያው ቀን መምጣቴ እንዲጻፍ ነው። ንጋት፣ መልሱ ለቤተሰቡ ይነገራል ወይ? አንቺ ጠይቀሽኝ ሄደሽ፣ እኔ ደግሞ ምን እንደተገኘ ሳላውቅ ልቅር?

ንጋት

ይህን አላሰብንበትም ነበር፤ የአሠራሩ ረቂቅ ላይ የለም። ስሙ የተሰረዘ ታሪክ ስለሆነ ቡድኑ ራሱ የትኛው የማን እንደሆነ አያውቅም። ቤተሰቡን ያነጋገርኩት ግን እኔ ነኝና መመለስ የምችለውም እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ የማቀርበው እንዲህ ብዬ ነው፦ ከውይይቱ በኋላ ጠያቂዋ ወደ ቤተሰቡ ተመልሳ ምን ምክር እንደወጣና ማን ሊፈጽመው እንደወሰደው ትንገራቸው፤ መስማት ካልፈለጉ ግን አትጫናቸው።

መጠይቁ ላይም ከዚህ ክር የወሰድኩትን ጨምሬያለሁ። ሲገቡ የልብ ምቱ መሰማቱ፣ የቆዳው ሁኔታ፣ ክብደት፣ የእንግዴ ልጁ መታየቱ፣ ከእናት የተለየበት ሰዓት፣ ከዚያ ቀን በፊት እናቲቱ የተናገረችውና ለማን እንደተናገረችው፣ ካርዱ ላይ ሳይጻፍ የቀረ ጉብኝት መኖሩ። «ለምን ዘገየሽ» የሚለውን አውጥቼዋለሁ። ቁጥር አንባቢ፣ የክብደት ክፍፍሉን ሠንጠረዥ በውስጥ መስመር ብትልክልኝ ደስ ይለኛል። ሴቶች በአንድነት፣ አንቺን ደግሞ ለሁለተኛው ቡድን ስምሽን ላቀርብ እፈልጋለሁ፤ ፈቃደኛ ከሆንሽ ጻፊልኝ።

ሴቶች_በአንድነት

ፈቃደኛ ነኝ። ግን ልጅ ያጣች እናትም በዚያ ቡድን ውስጥ ወንበር ይኑራት፤ ለምስክርነት ሳይሆን ድምፅ እንድትሰጥ።

ንጋት

አቀርበዋለሁ። ከስብሰባው በኋላ የተወሰነውን እዚሁ እጽፋለሁ።